ኦክስጅን ከሲሊንደር እስከ አፍንጫ፤ በባሕር ዳር ለሚሠለጥኑ የመተንፈሻ ሕክምና ተማሪዎች

ኦክስጅን መድኃኒት ነው። እንደ ማንኛውም መድኃኒት ይታዘዛል፣ ይለካል፣ ይመዘገባል፤ ሲያንስም ሲበዛም ይጎዳል። የመተንፈሻ ሕክምና ተማሪ ብዙ ነገር ይማራል፦ የሳንባን አሠራር፣ የደም ጋዝ ውጤት ማንበብን፣ የሚነፉ መድኃኒቶችን፣ የጨቅላ ሕፃናት ሲፓፕን (ሳንባ እንዳይዘጋ ያለማቋረጥ ግፊት የሚሰጠውን)፣ ቬንትሌተርን (የመተንፈሻ ማሽንን)። ይህ ሥራ በሌሎች አገሮች ራሱን የቻለ ሙያ ሲሆን በእኛ ሆስፒታሎች ግን ባብዛኛው በነርሶች፣ በአኔስቴዥያ ባለሙያዎችና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠራተኞች እጅ ነው። በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ በጤና ጣቢያም ሆነ በአምቡላንስ ውስጥ የሁሉም መነሻ አንድ ነው፤ ጋዙን ከሲሊንደሩ አውጥቶ በሽተኛው ደም ውስጥ ማድረስ። ከዚህ በታች የምንሄደው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ረዘም አድርገን የምንቆየው ነገር በሚበላሽባቸው ቦታዎች ላይ ነው፤ ቱቦ አፍንጫ ላይ አለ ማለት ኦክስጅን ደረሰ ማለት አይደለምና።

አስቀድሞ ከፍታውን ማወቅ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ጣና ዳርም፣ ደብረ ታቦርም፣ መተማም ያው 21 በመቶ ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን እዚህ ወደ 615 ይወርዳል። አየሩ ወደ ሳንባ ሲገባ በውሃ እንፋሎት ስለሚሞላ 47 ቀንሱ፣ ከዚያ በ0.21 አባዙ። በባሕር ጠለል 150 ገደማ ታገኛላችሁ፤ በባሕር ዳር 119 ገደማ። የኛ በሽተኛ ገና ሳይታመም በአምስት እጅ አንዱን ያህል አጥቶ ነው የሚጀምረው ማለት ነው። ሳንባው ሲታመም የሚፈጀው ስንቅ ጥቂት ስለሆነ አወራረዱም ፈጣን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የተግባር ልምምድ እርስ በርስ መለካካት ነው። ሁላችሁም 10 ደቂቃ ያህል ካረፋችሁ በኋላ በፐልስ ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን ሙሌትን በመቶኛ በሚለካው የጣት መሣሪያ) ተለኩና ውጤቱን ጻፉ። ጤነኛ ወጣት 95 ወይም 96 ቢያሳይ እዚህ የተለመደ ነው፤ 99 ካልሆነ ታሟል የሚል ከቆላ የመጣ መጽሐፍ አያደናግራችሁ። ለሕፃናት የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መነሻም ከፍታን ያያል፦ እስከ 2500 ሜትር ድረስ ከ90 በታች የሆነ ሕፃን ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ባለ ቦታ ወሰኑ 87 ነው። ባሕር ዳር ከ2500 በታች ስለሆነች 90 ላይ እንቆማለን። ደብረ ታቦር ግን ወሰኑን ታልፋለች፤ ከዚያ የተላከ ካርድ ስታነቡ ቁጥሩ የተለካው የት እንደሆነ ጠይቁ።

ማሽኑን ከማውጣት በፊት

በሽተኛውን እዩት። ጋቢውን ወይም ነጠላውን ከደረቱ ላይ ግለጡ፤ በልብስ ላይ የተቆጠረ ትንፋሽ አይታመንም። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት በሕፃናት ላይ ያሳስታል፤ ትንፋሻቸው ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ ይዘገያልና። ሕፃኑ ሲያለቅስ አትቁጠሩ፤ እናቱ ታባብለው፣ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ይቆጠር። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ዐዋቂ ሰው ሲያርፍ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል፤ ከ30 ሲያልፍ ከባድ ነው።

ከቁጥሩ ጋር እነዚህን ፈልጉ፦ የአፍንጫ መርገብገብ፣ የታችኛው ደረት ወደ ውስጥ መግባት፣ ሲያስወጣ ማቃሰት፣ የአንገት ጡንቻ መወጠር፣ የምላስ ወደ ሰማያዊነት መለወጥ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያልቻለ በሽተኛ ማሽን ሳይጠየቅ ብዙ ነግሯችኋል። ሲተነፍስ ይፈጥን የነበረ ሰው በድንገት ዝግ ሲል ተሻለው ብላችሁ አትለፉ፤ ከዝግታው ጋር እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ደክሟል፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት) ይቅረብ።

ፐልስ ኦክሲሜትር

በጣት ላይ የሚቆነጠጠው ይህ መሣሪያ በጥፍሩ በኩል ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃን የሚያወጣው ጎን በጥፍር በኩል መሆን አለበት። ቁጥሩን ከማንበብ በፊት ሞገዱን ወይም የሚዘለውን አሞሌ ተመልከቱ፤ ቋሚ ምት ከሌለ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። በማሽኑ ላይ ያለውን የልብ ምት ጣታችሁን የእጅ አንጓ ላይ አድርጋችሁ ከምትቆጥሩት ጋር አስተያዩ፤ ካልተገናኙ ማሽኑን አትመኑ። ምቱ እኩል ሲሆን 30 ሰከንድ ቆዩና ጻፉ።

የሚያሳስቱት ነገሮች እነዚህ ናቸው። የቀዘቀዘ እጅ፤ አሙቁት፣ ወይም ጆሮ ላይ ሞክሩ። ጥቁር ወይም ሰማያዊ የጥፍር ቀለም፤ በአሴቶን ይነሣ። እንሶስላ የሞቀች እናት ከመጣች ቀለሙ በአሴቶን አይለቅም፤ ንባቡ ካጠራጠረ የጆሮ ጫፍ ላይ ለኩ። በዚያው ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያ እየተነፋ ከሆነ ንባቡ ይጠፋል። በጥቁር ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የሚያሳይበት ጊዜ እንዳለ ደግሞ አትርሱ፤ 91 እያሳየ በጭንቅ የሚተነፍስ ሰው ሲገጥማችሁ ዓይናችሁን እመኑ።

አንደኛው ስሕተት ግን ሰው ያስገድላል። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎች ሲመጡ ፐልስ ኦክሲሜትሩ 97 ወይም 98 ሊያሳይ ይችላል። ከከሰሉ የወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደሙን ይዞታል፤ መሣሪያው ግን ከኦክስጅን ለይቶ አያየውም። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መፍዘዝ ካለና የከሰል ታሪክ ካለ ቁጥሩን ተዉትና ወዲያውኑ መጠባበቂያ ከረጢት ባለው ማስክ በ15 ሊትር ኦክስጅን ስጡ።

ሲሊንደሩን ማዘጋጀት

በዋርድ የምናየው ትልቁ የብረት ሲሊንደር ብዙውን ጊዜ 40 ሊትር ውሃ የሚይዝ ሲሆን ሲሞላ ግፊቱ 150 ባር ገደማ ነው። ባዶውን እንኳ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቢወድቅና ቫልቩ ቢሰበር ያለው ግፊት ብረቱን እንደ ሮኬት ያስወነጭፈዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በሰንሰለት ከግድግዳ ወይም ከጋሪ ጋር ይታሰር። በቀለም ብቻ ጋዙን አትለዩ፤ የሲሊንደር ቀለም ከአገር አገር፣ ከአስመጪ አስመጪ ይለያያል። መለያው የተለጠፈው ጽሑፍ ነው።

አንደኛ፣ እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ። ቅባት፣ ቫዝሊን፣ የእጅ ክሬም ወይም ቅቤ ያለበት እጅ ሬጉሌተር (ሲሊንደሩ ላይ ተገጥሞ ግፊቱን የሚቀንሰውን ዕቃ) አይነካም። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከቅባት ጋር ሲገናኝ ክብሪት ሳይጫር ይቀጣጠላል።

ሁለተኛ፣ ሬጉሌተሩ ሳይገጠም የሲሊንደሩን ቫልቭ ለአንድ አፍታ በትንሹ ከፍታችሁ ዝጉ። ይህ በአፉ ላይ የተቀመጠውን አቧራ ያበርረዋል። ፊታችሁን ዞር አድርጉ፣ አፉም ወደ ሰው አይዙር።

ሦስተኛ፣ በሬጉሌተሩ መግጠሚያ ላይ ጋዝ እንዳያፈስ የምታሽገው ቀለበት መኖሯን እዩ። ትንሽ ናት፣ ትወድቃለች፣ በምሽት ተረኛ አልጋ ሥር ትጠፋለች። የጠፋችውን በፕላስተር፣ በክር ወይም በላስቲክ ለመተካት አትሞክሩ፤ ያፈሳል፣ ፕላስተሩም ይቃጠላል። ትርፍ ቀለበት በመሣቢያ ውስጥ ይኑር።

አራተኛ፣ ሬጉሌተሩን በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ በመፍቻ አጥብቁ። ጥርሱ እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ ዓይነቱ የተለየ ነው ወይም ተጣሟል።

አምስተኛ፣ ፍሎሜትሩ (በደቂቃ የሚፈሰውን ሊትር የሚያሳየውና የሚቆጣጠረው) ዝግ መሆኑን አረጋግጡና የሲሊንደሩን ቫልቭ በዝግታ ክፈቱ። በድንገት ሲከፈት ጋዙ በሬጉሌተሩ ውስጥ ተጨምቆ ይግላል። የግፊት መለኪያው መርፌ ቆሞ ካነበባችሁ በኋላ የፉጨት ድምፅ ስሙ። ካለ ዝጉ፣ አጥብቁ፣ እንደገና ክፈቱ።

ስድስተኛ፣ ፍሎሜትሩን ወደ ታዘዘው ሊትር አምጡ። ኳስ ያለው ከሆነ የሚነበበው በኳሱ መሐል ነው፤ ዓይናችሁ ከኳሱ ጋር እኩል ይሁን። ከላይ ሆኖ የሚያነብ ተማሪ ሁሌም ይሳሳታል።

ሂውሚዲፋየር የሚባለው ኦክስጅኑን የሚያረጥበው የውሃ ጠርሙስ ለሁሉም አያስፈልግም። በናዛል ካኑላ (ጫፎቹ አፍንጫ ውስጥ በሚገቡ ቀጭን ቱቦ) እስከ 4 ሊትር ለሚወስድ ዐዋቂ አያስፈልግም፤ ጥቅሙ ትንሽ፣ የሚያመጣው ጀርም ብዙ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም በአንገት ቱቦ ለሚተነፍስ ሰው ካስፈለገ የተጣራ ውሃ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጠርሙሱ ላይ በተሠመሩት ሁለት መስመሮች መካከል ሙሉ። ከላይኛው መስመር ካለፈ ውሃ ወደ ቱቦው ይገባል። ውሃው በየቀኑ ይቀየራል፤ የጎደለውን መሙላት ሳይሆን ደፍቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ በአዲስ ነው። አስታማሚዎች በእምነታቸው ጠበል አምጥተው ይህ ጠርሙስ ውስጥ እንዲጨመር የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። በአክብሮት አስረዷቸው፦ «እማማ፣ ጠበሉን ያጠጡት፣ ይርጩለት፤ ይህ ውሃ ግን ከትንፋሹ ጋር ወደ ሳንባው ስለሚሄድ ፈልቶ የተጣራ መሆን አለበት።» ይህ ሲነገራቸው አብዛኞቹ ይቀበላሉ። መጠጣትም የሚቻለው በሽተኛው የነቃና መዋጥ የሚችል ሲሆን ብቻ ነው፤ ይህንንም ንገሯቸው።

ስንት ሰዓት ይበቃል?

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በየተራ ርክክቡ መሠራት አለበት። የሲሊንደሩን የውሃ መጠን በሊትር ውሰዱ፣ መርፌው ባሳየው ባር አባዙ፤ ግን መጀመሪያ ከባሩ ላይ 20 ለመጠባበቂያ ቀንሱ። ያገኛችሁት ሊትር ነው። በደቂቃ ለሚፈሰው ሊትር አካፍሉ፣ ደቂቃ ይሰጣችኋል።

ሙሉ ሲሊንደር፦ 40 በ130 ሲባዛ 5200 ሊትር። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ሰው 1040 ደቂቃ፣ 17 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። አሁን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተረኛ ገባችሁ፤ መርፌው 70 ባር ነው። 40 በ50 ሲባዛ 2000 ሊትር፣ ለ5 ሲካፈል 400 ደቂቃ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ40 ላይ መጠባበቂያው ላይ ይደርሳል ማለት ነው፤ ሁሉም በሚደክምበት ሰዓት። ትርፉ ሲሊንደር ሬጉሌተር ተገጥሞለት በምሽቱ መቅረብ አለበት፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ሰው ከመተኛቱ በፊት። መርፌው በፒኤስአይ ከሆነ 14.5 ፒኤስአይ አንድ ባር ነው፤ 2200 ፒኤስአይ ወደ 150 ባር ይመጣል።

ለሪፈር ደግሞ ይበልጥ ጠንቀቅ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምቡላንሱ 10 ሊትር ውሃ የሚይዝ ሙሉ ሲሊንደር ቢኖረውና በሽተኛው በደቂቃ 10 ሊትር ቢወስድ 1300 ሊትር ለ130 ደቂቃ ብቻ ይበቃል። በሽተኛውን ማውጣት፣ መንገዱ፣ በር ላይ መጠበቅ፣ አልጋ መፈለግ ሲደመሩ ይህ ጠባብ ነው። ደንባችን፦ ለጉዞው ከሚያስፈልገው እጥፍ ይያዝ። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ከፍታውንም አስቡ። መንገዱ በጎጃም ደጋ ስለሚያልፍ እዚህ በ4 ሊትር 91 የነበረ ሰው እዚያ በዚያው 4 ሊትር ሊወርድ ይችላል። ጭማሪውን በሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

ኮንሰንትሬተር

ይህ ማሽን ከክፍሉ አየር ናይትሮጅኑን አስቀርቶ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ ኦክስጅን ያወጣል። መብራት እስካለ አያልቅም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ወዲያው ይቆማል። ስለዚህ ሲሊንደር አጠገቡ የሌለው ኮንሰንትሬተር በሽተኛ ላይ አይገጠምም፤ ጀነሬተር ቢኖርም እስኪነሣ ድረስ ያሉት ደቂቃዎች የበሽተኛው ናቸው።

ከግድግዳና ከመጋረጃ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁት፤ አየር መሳብ አለበት። ከከፈታችሁ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ይሥራ፣ የንጽሕና መብራቱ ደህና ሲል ይገጠም። የውጭ ስፖንጁ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና ይታጠባል፣ ተጨምቆ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይመለሳል። በበጋ አቧራው ሲበዛ ቶሎ ቶሎ እዩት። 5 ሊትር ተብሎ የተሠራ ማሽን ላይ ኳሱን ከ5 በላይ መጫን ተጨማሪ ኦክስጅን አይሰጥም፤ ንጽሕናው ወርዶ ብዙ አየር፣ ጥቂት ኦክስጅን ይወጣል። አልጋው ላይ ያለው ሰው 10 ሊትር ካስፈለገው ወደ ሲሊንደር ዙሩ።

የትኛው መስጫ፣ በስንት ሊትር

ናዛል ካኑላ ለዐዋቂ ከ1 እስከ 5 ሊትር። በ1 ሊትር 24 በመቶ ያህል ይጀምርና በየሊትሩ 4 ያህል ይጨምራል፤ በፍጥነት ለሚተነፍስ ሰው ግን ከዚህ ያነሰ ይደርሰዋል፣ የክፍሉን አየር አብሮ ስለሚስብ። ለጨቅላ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር፣ እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን ከ1 እስከ 2፣ ከዚያ በላይ ላለ ሕፃን እስከ 4። ጫፎቹ ሲገቡ ጥምዝዛቸው ወደ ታች ያይ፤ ተገልብጠው ሲገቡ ጋዙ የአፍንጫን ጣሪያ ይመታል። ለሕፃን የጫፉ ውፍረት የአፍንጫውን ቀዳዳ ግማሽ ያህል ብቻ ይያዝ። ቱቦውን በጆሮ ጀርባ አሳልፉ፣ ከአገጭ ሥር አጥብቁ፣ ሹሩባ ካለ በሹሩባው ላይ አትሰሩት።

ተራ የፊት ማስክ ከ6 እስከ 10 ሊትር፣ ከ40 እስከ 60 በመቶ ገደማ። ከ5 ሊትር በታች ፈጽሞ አይሰጥም፤ በሽተኛው ያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይስባል። ኦክስጅን ለመቆጠብ ብሎ ማስኩን በ2 ሊትር ማድረግ ብዙ ቦታ የሚታይ ስሕተት ነው። በ2 ሊትር የሚበቃው ሰው ካኑላ ይደረግለት።

መጠባበቂያ ከረጢት ያለው ማስክ ከ10 እስከ 15 ሊትር። ከማድረጋችሁ በፊት ቫልቩን በጣት ዘግታችሁ ከረጢቱን አስሞሉት። በሽተኛው ሲስብ ከረጢቱ በትንሹ ብቻ ይርገብ፤ ከተጣበቀ ሊትሩ አንሷል።

መስጫውን ካደረጋችሁ በኋላ የአልጋውን ራስ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። ትራስ አንገት ሥር ብቻ ከገባ አገጩን ወደ ደረቱ ያጥፈዋል፣ የአየር መንገዱንም ያጠብበዋል፤ ትራሱ ከትከሻ ጀምሮ ይግባ።

የምንፈልገው ንባብ እንደ ሰውየው ነው። ለአብዛኛው የተረጋጋ በሽተኛ 90 እና ከዚያ በላይ፤ ራሱን ለሳተ፣ ለሚያንቀጠቅጠው፣ በሾክ ላይ ላለ እስኪረጋጋ 94 እና ከዚያ በላይ፤ ለነፍሰ ጡር ከ92 እስከ 95። ያለጊዜው ተወልዶ ኦክስጅን ለሚወስድ ጨቅላ ከ90 እስከ 95፣ ከዚያም አይለፍ፤ ትርፍ ኦክስጅን ገና ያልጠና ዓይኑን ያጠፋዋል።

ንባቡ አልነሣ ሲል

ሊትር ከመጨመር በፊት ከአፍንጫው ተነሥታችሁ ወደ ሲሊንደሩ ወደ ኋላ ተጓዙ። ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል፤ ልማድ ሲሆን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የካኑላው ጫፍ አፍንጫ ውስጥ ነው ወይስ ጉንጭ ላይ? በንፍጥ ተደፍኗል? ጫፉን ውሃ ባለበት ኩባያ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋ ካላወጣ ጋዝ አልደረሰም። ከዚያ ቱቦውን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ሂዱ፦ በአልጋው ብረት ሥር ተጨፍልቋል? አስታማሚ ተቀምጦበታል? ውሃ ቋጥሯል? ከዚያ ሂውሚዲፋየሩ፦ ክዳኑ ጠምዞ ከገባ ጋዙ በጎን ይወጣል፣ ውሃውም አይንተከተክም። ቱቦውን በጣት ቆንጥጡ፤ ደህና ጠርሙስ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ያፏጫል። ካላፏጨ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቀጥሎ ኳሱ፣ ቀጥሎ መርፌው፣ መጨረሻ የሲሊንደሩ ቫልቭ። ቫልቩ ተዘግቶ ሬጉሌተሩ ውስጥ የቀረ ጋዝ መርፌውን አቁሞ ሊያታልል ይችላል፤ ስለዚህ ቫልቩን በእጅ ነክታችሁ መከፈቱን አረጋግጡ።

መንገዱ ሁሉ ደህና ሆኖ ንባቡ ካልነሣ ጉዳዩ በሽተኛው ውስጥ ነው። ደረቱን በሁለቱም ጎን አዳምጡ። አንድ ጎን ድምፅ ከሌለው ሐኪም አሁኑኑ ይጠራ። አክታ ካፈነው ሰክሽን አድርጉ (አክታውን በማሽን ምጠጡ)፦ ለዐዋቂ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ለሕፃን ከ80 እስከ 100፣ ለጨቅላ ከ60 እስከ 80። ቱቦው ሲገባ አይስብም፣ ሲወጣ ብቻ ነው የሚስበው፤ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ አይለፍ፣ በመካከሉ ኦክስጅን ይመለስለት።

ጭስ የቆየባት ሳንባ

በማገዶ ጭስ እንጀራ ስትጋግር ዓመታት ያሳለፈች እናት፣ ወይም ቲቢ ሳንባውን ጠባሳ ያደረገበት ሰው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወጣት የሚከብደው ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ የምንፈልገው ንባብ ከ88 እስከ 92 ነው። በ1 ወይም 2 ሊትር ካኑላ ጀምሩ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ለኩ። ከ92 ካለፈ ቀንሱ። የጠዋት ራስ ምታት፣ ድብታ፣ እጅ ሲዘረጋ መርገብገብ ካያችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየተከማቸ ነው፤ ንባቡ 98 ማሳየቱ አያጽናናችሁ። ድብታው ሲመጣ ኦክስጅኑን በድንገት ነቅሎ መጣል ግን ሌላ አደጋ ነው፤ ቀስ በቀስ ይቀነስ፣ ሐኪም ይጠራ፣ የደም ጋዝ ይሠራ። የደም ጋዙን ስታነቡም የከፍታውን ሒሳብ አትርሱ፦ በባሕር ዳር የጤነኛ ሰው የደም ኦክስጅን ግፊት መጽሐፉ ከሚለው ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ያለ ነው።

አምቡ ባግ

ትንፋሹ ለቆመ ወይም ለደከመ ሰው። ማስኩ ከአፍንጫ አጥንት እስከ አገጭ ይሸፍን፣ ዓይን ላይ አይውጣ። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ማስኩን ይጫኑ፣ ሦስቱ ጣቶች መንጋጋውን ወደ ላይ ያንሡ። ማስኩን ወደ ፊቱ መጫን ሳይሆን ፊቱን ወደ ማስኩ ማንሣት ነው ሥራው። ለዐዋቂ በየ6 ሰከንዱ አንድ ጊዜ፣ ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ብቻ፤ የዐዋቂ ባግ 1500 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛልና ሙሉውን መጭመቅ ሆድን ይነፋል፣ ያስመልሳል። ለተወለደ ጨቅላ በደቂቃ ከ40 እስከ 60። ብቻችሁን ሆናችሁ ማስኩ ፊቱ ላይ ካልገጠመላችሁ አንዱ በሁለት እጅ ማስኩን ይያዝ፣ ሌላው ይጭመቅ።

ከጣና የወጣ ሰጣሚ ሲመጣ ሆዱን ተጭኖ ወይም ዘቅዝቆ ውሃ ለማውጣት የሚሞክር ሰው አይጠፋም። አስቁሙት። ጊዜ ይበላል፣ የሆድ ዕቃውንም ወደ ሳንባ ይገፋል። ለሰጣሚ ቀድሞ የሚሰጠው እስትንፋስ ነው፤ ከዚያ ምት ከሌለ ደረት መጫን።

የሚነፋ መድኃኒትና አረፋ ሲፓፕ፣ በአጭሩ

ለአስም የሚሰጠው የሳልቡታሞል ፓፍ በአንድ ግፊት 100 ማይክሮ ግራም ይሰጣል፤ በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲረጭ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ) ከሌለ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ይበቃል፦ በታችኛው ጎኑ የፓፉን አፍ ልክ የሚያህል ቀዳዳ በጋለ ሽቦ ክፈቱ፣ በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፣ ውስጡን በጨርቅ ሳታብሱ በአየር ይድረቅ። በጨርቅ ሲታሸ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ራሱ ይስባል። ፓፉን አራግፉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ፣ ሕፃኑ 5 ወይም 6 ጊዜ በእርጋታ ይተንፍስ፣ እንደገና አራግፉ። በከባድ ማነቅ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ፓፍ በየ20 ደቂቃው ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ይሰጣል።

በአረፋ ሲፓፕ የሚወጣው ቱቦ ውሃ ውስጥ የገባበት ጥልቀት ግፊቱ ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ከገባ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ። ባብዛኛው ከ5 እስከ 8 ይሠራበታል። አረፋው ከቆመ ጋዙ በሌላ በኩል እየወጣ ነው፦ አፉ ተከፍቷል ወይም ጫፉ ለአፍንጫው አንሷል።

እሳትና አስታማሚ

ኦክስጅን ባለበት ቢያንስ በ3 ሜትር ውስጥ ጧፍ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ የቡና ምድጃና ሲጋራ አይኑር። አራስ እናት ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ከመጣች ወደ ግንባርና ጆሮ የወረደውን ጥረጉላት፤ የደረቀ ከንፈር በቫዝሊን ሳይሆን በውሃ ላይ በተሠራ ቅባት ይለስልስ። አስታማሚው ሳይገባው ኳሱን የሚያዞር እንዳይሆን በገቡ ሰዓት ንገሩት፦ «ጋሼ፣ ይህን እኛ ብቻ ነን የምንነካው፤ ቢቆም ግን ሮጠው ይጥሩን።» ለእሱም አንድ ሥራ ስጡት፤ ቱቦው እንዳይጨፈለቅ፣ ጫፉ ከአፍንጫ እንዳይወጣ ይጠብቅ። እንደ አስታማሚ በሽተኛውን ሌሊት ሙሉ የሚያየው የለም።

መቀነስና ማቆም

በሽተኛው ለ12 ሰዓት ያህል ተረጋግቶ ንባቡ ከሚፈለገው በላይ ከሆነ በግማሽ ወይም በ1 ሊትር ቀንሱ። ከ5 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያም ከ30 ደቂቃ በኋላ ለኩ። ከሚፈለገው በታች ከወረደ ወደ ነበረበት መልሱ፤ ሙከራው ነገ ይደገማል። ኦክስጅኑ ከቆመለት በኋላ ተኝቶ ሳለም ለኩት፣ በእንቅልፍ ይወርዳልና። ካኑላውን ወዲያው አትጣሉ፤ አንድ ቀን ሙሉ ያለ ኦክስጅን እስኪረጋጋ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ። ቻርቱ ላይ ሰዓቱን፣ ሊትሩን፣ መስጫውን፣ ንባቡንና የትንፋሹን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ፤ «በኦክስጅን 94» ብቻ የሚል መዝገብ ለሚቀጥለው ተረኛ ምንም አይነግረውም።

ሲሊንደሩን ስትዘጉ ቫልቩን አስቀድሙ፣ መርፌው ዜሮ እስኪወርድ ጋዙ ይውጣ፣ ከዚያ ፍሎሜትሩን ዝጉ። ያለቀውን «ባዶ» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሙሉዎቹ ለይታችሁ አቁሙት፣ ቫልቩም ተዘግቶ ይቆይ፤ ክፍት ከቀረ እርጥበት ይገባዋል።